ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ሜዳ፦ ለመስከረምና ለጥቅምት የሚሆን ቀላል ምግብና መጠጥ አሠራር

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ፣ ወደ ሐረጎ ወይም ወደ ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻም ወደ ዙሪያው ሜዳ ምሳ ቋጥሮ መውጣት የተለመደ ነው። ሜዳ ላይ ተበላሽቶ የሚገኘው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ በደንብ የተሠራው ነው። ጥፋቱ ያለው የተቀላቀለበት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተፈተፈተ ፍትፍት 7 ሰዓት ሲከፈት ገንፎ ሆኗል። ቤት ውስጥ ጨው የነካው ቲማቲም ውሃውን ለቆ በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ስለዚህ እዚህ ያለው አሠራር ሁሉ ማታ የሚሠራ፣ ጠዋት የሚሠራና ሣሩ ላይ የሚቀላቀል ተብሎ የተከፈለ ነው። እርጥቡና ደረቁ ሣሩ ላይ እስኪደርሱ አይገናኙም።

መጠኑ በሙሉ ለ6 ሰው ነው። ኩባያ ሲባል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መሥራት አያስፈልግም፤ ከምግቡ ሦስት፣ ከመጠጡ ሁለት ቢመረጥ 6 ሰው ጠግቦ ይተርፈዋል።

ሥጋ ሆን ተብሎ ቀርቷል። እዚህ አገር አብሮ የሚወጣው ጎረቤትና ጓደኛ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። ሥጋ ከገባ የእርዱ ነገር አብሮ ይገባል፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ትሪ መሸከም ግድ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብም የሚጾም፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ ደግሞ የጽጌን ጾም የሚይዝ ይኖራል። ከእንቁላሉ በስተቀር ከታች ያለው ሁሉ የጾም ነው። እንቁላሉ በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ቢላዋ ይሂድ፤ ያኔ ማንም ሳይጠይቅ እጁን ይሰዳል።

መቀቀያው ላይ ከፍታው ይቆጠራል

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ላይ ይፈላል። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ዝቅ ያለ አገር ሰው በ25 ደቂቃ ይበስላል ያለው ምስር ደሴ ላይ 40 ደቂቃ ቢፈጅ ምስሩ አርጅቶ ነው ብለው አይጣሉት። ፕሬዠር ድስት ያለው ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ግን ለአዚፋ ምስሩ እንዳይፈርስ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ብቻ ያቆዩት።

አዚፋ

ለሜዳ ከዚህ የሚሻል ምግብ የለም። ቀዝቅዞ የሚበላ ነው፣ አይፈስም፣ ሲቆይም ይጣፍጣል።

የሚያስፈልገው፦ 2 ኩባያ ድፍን ምስር፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ቃሪያ፣ 3 ሎሚ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው።

1. ማታ ምስሩን ለቅመውና አጥበው 1 ሰዓት ይዘፍዝፉት። በ6 ኩባያ ውሃ ይጣዱት። ጨውም ሎሚም አይግባበት፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከነካው ልጡ አልበስል ይላል።
2. ሲፈላ እሳቱን ይቀንሱ። ደሴ ላይ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓቱን ብቻ አይመኑ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫኗት ያለ ትግል ከደቀቀች በስሏል፤ ልጡ ተቀዶ ውሃው ከደፈረሰ ግን አልፎበታል።
3. አጥልለው ትሪ ላይ ያሰራጩት። ድስት ውስጥ ከተተወ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ሲበርድ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ይፍጩት፣ ግማሹ ፍሬ እንደሆነ ይቅር። ሁሉም ከተፈጨ ወጥ ይመስላል፤ ሁሉም ፍሬ ከሆነ ደግሞ በእንጀራ አይዝም፣ ከእጅ ላይ ይበተናል። ከድነው ፍሪጅ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት።
4. ጠዋት ሰናፍጩን በ2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ ለውሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ የሚወጣው ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ ነው። የፈላ ውሃ ይገድለዋል፤ ሎሚ ቀድሞ ከገባበትም ኃይሉ ሳይወጣ ይቀራል። ብዙ ቤት ሰናፍጩ መራራ ብቻ የሚሆነው በዚህ ነው። ጊዜው ሲሞላ ሎሚውን ጨምቀው ያዋሕዱት።
5. ሰናፍጩን፣ ዘይቱንና ጨውን ከምስሩ ጋር ያዋሕዱ። ይህ ተቀላቅሎ ቢሄድ ምንም አይሆንም።
6. ሽንኩርቱን ጠዋት ደቃቅ አድርገው ከትፈው በቁንጥር ጨው አሸት አሸት ያድርጉትና በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው ይጭመቁት። ከቃሪያው ጋር በሌላ ክዳን ያለው ዕቃ ይሂድ፤ ሣሩ ላይ ይገባል። ማታ የገባ ሽንኩርት እስከ ምሳ ድረስ ሰናፍጩን ውጦ እሱ ብቻ ይሸታል።

የሱፍ ፍትፍት

ጣዕሙ ያለው ሱፉ ላይ ስለሆነ ግዢው ላይ ይጠንቀቁ። ደሴ ሰኞ ገበያም ይሁን ሌላ ቦታ ሲገዙ አንድ ጭብጥ ወስደው በመዳፍዎ አሽተው ያሽትቱት። ጥሩ ሱፍ ነጭና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሲያኝኩት ውስጡ ቅባት ያለው ነጭ ፍሬ ይወጣል። ቢጫ ቢጫ ያለው፣ የከረመ ዘይት የሚሸተው አሮጌ ነው። ያንን የቱንም ያህል ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቢጨምሩበት አይድንም።

የሚያስፈልገው፦ 2 ኩባያ ሱፍ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ 6 ኩባያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያ፣ 4 የትናንት እንጀራ።

ማታ ሱፉን ይልቀሙ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ ጠጠር ከሥር ስለሚቀር የመጨረሻውን ጭብጥ አይገልብጡ። 15 ደቂቃ ቀቅለው ያጥልሉትና ትሪ ላይ አስጥተው ያቀዝቅዙት። መቀቀሉ ገለባውን ያለሰልሰዋል፣ የጥሬነት ጣዕሙንም ያወጣል። ቆልተው የሚሠሩም አሉ፤ መዓዛው ይጨምራል፣ ግን ትንሽ ካረረ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይመራልም። ለጀማሪ ቅቅሉ ይሻላል።

ጠዋት ሱፉን ከ3 ኩባያ ውሃ ጋር በጁስ መፍጫ ለ2 ደቂቃ ይፍጩት። መፍጫው እንዳይግል አንድ ጊዜ አቋርጠው ያሳርፉት። መብራት ከጠፋ ሙቀጫ አለ፤ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ወቅጠው በውሃው ይበጥብጡት። ማጥለሉ ሁለት ጊዜ ነው፦ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ስስ ጨርቅ። ቀጥታ በጨርቅ ካደረጉት ገለባው ጨርቁን ይደፍነዋል። ወንፊት ላይ የቀረውን አተላ በቀሪው 3 ኩባያ ውሃ ደግመው ፈጭተው ያጥልሉት፤ በዚህ በሁለተኛው ዙርም የቀረው ጣዕም ስለሚወጣ አይዝለሉት። ጣት ነክረው ምላስ ላይ ሲያደርጉት አሸዋ አሸዋ ካለ አንድ ጊዜ ደግመው በጨርቁ ያሳልፉት። ዝንጅብሉን፣ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ጨውን ጨምረው ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ይቅዱት።

ሱፍ ከሁሉም ቶሎ የሚበላሸው ነው። ሳይቀዘቅዝ ከ2 ሰዓት በላይ አያቆዩት። ማታ በውሃ የተሞላ ሌላ ሃይላንድ ፍሪዘር ያስገቡና ጠዋት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው በፎጣ ይጠቅልሏቸው። የሚቀዘቅዘው ጠርሙስ እስከ አፉ አይሞላ፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ካልቀረለት ይፈነዳል። በረዶው ሲቀልጥ ለመጠጥ ይሆናል።

ሣሩ ላይ ሲደርሱ ጠርሙሱን ይነቅንቁት። ከላይ ውሃ፣ ከታች ዝቃጭ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ጠባዩ ነው። እንጀራውን ቆራርሰው ከሱፉ ሁለት እጁን ያፍሱበት፤ 3 ደቂቃ ጠጥቶ ሲለሰልስ የቀረውን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ይጨምሩ። የዕለቱ እንጀራ ወዲያው ይላሽቃል፤ የትናንቱ ቅርጹን ይይዛል። ከሁለቱም ለመንገድ የሚመቸው ግን ድርቆሽ ነው፤ አይላብም፣ አይሻግትም፣ ቢጫን ቢሰበር እንኳ ጉዳት የለውም። በድርቆሽ ከሆነ 400 ግራም ይበቃል። ፈሳሹ ላይ 2 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ፣ 10 ደቂቃም ይታገሱት።

ሱፉ ውሃ ውሃ ካለ አልተፈጨም ማለት ነው። ከመረረ ወይ ሱፉ አሮጌ ነው ወይ ገለባው ከመጠን በላይ ደቅቆ ጨርቁን አልፏል። ከኮመጠጠ መኪና ውስጥ ሞቋል፤ ያንን መድፋት ነው።

የቲማቲም ፍትፍት

ይህ ቤት ውስጥ አይሠራም። ጠንከር ያለ 8 ቲማቲም፣ 1 ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያ፣ 2 ሎሚ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና 3 እንጀራ ይያዙ። ቲማቲሙን ቤት አጥበው አድርቀው ሳይቆርጡ ይውሰዱት። ሜዳ ላይ ይክተፉ፣ ዘይትና ሎሚ ያድርጉ፣ እንጀራውን ቆራርሰው ያዋሕዱ፣ ጨው መጨረሻ ላይ። ለውሰው ሲያበቁ ወዲያው ይበላል።

ድንችና እንቁላል

1 ኪሎ መካከለኛ ድንች ከነልጡ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱ። በፈላ ውሃ ከተጀመረ ላዩ ፈርሶ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ደሴ ላይ ከፈላ በኋላ 35 ደቂቃ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 30 ገደማ ይፈልጋል። ቢላዋ ሲሰኩበት ሳይዝ ከገባ አውጡት። ገና ሞቅ እንዳለ ልጠው ቆራርጠው የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ያድርጉበት፤ ትኩስ ድንች ወደ ውስጡ ይመጠዋል፣ የበረደው ግን ላዩ ላይ አንሳፍፎ ይተወዋል። ሽንኩርትና ቃሪያው ሲበርድ ይገባል። ክዳን የሚገጠመው ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ነው።

እንቁላሉ ውሃው ከፈላ በኋላ ደሴ ላይ 14፣ ኮምቦልቻ ላይ 12 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ። በራሱ እንዲበርድ ከተተወ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል፣ ልጡም አልላቀቅ ይላል። ሲቀቀል የተሰነጠቀውን ቤት ብሉት። የቀረው ሳይላጥ ይሂድ፤ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅለል ተደርጎ ለብቻ።

ስንግ

12 ትልልቅና ሥጋማ ቃሪያ በአንድ ጎኑ ብቻ ከላይ ወደ ታች ይሰንጥቁ፤ ጫፉ ድረስ ካስኬዱት መሙያውን አይዝም። ፍሬውንና ነጩን ክር በትንሽ ማንኪያ ያውጡ። ቃጠሎው ያለው ከሁሉ በላይ ነጩ ክር ላይ ነውና ልጆች ካሉ ጨርሰው ይጥረጉት። 2 ሽንኩርት ከትፈው በጨው፣ በሎሚና በጥቂት ዘይት ለውሰው ይሙሉት። ጠዋት ተሞልቶ ቢሄድ አይጎዳም። ቃሪያ የነካ እጅ ዓይን አይንካ።

የበቆሎ እሸት

ኮምቦልቻና ከዚያ ወደ ታች ያለው ቆላ በዚህ ወቅት እሸት አያጣም፤ ደሴም ተጭኖ ይመጣል። ሲገዙ ጭራውን ይዩ፦ ጭራው ቡናማ ሆኖ ደርቆ ሽፋኑ ግን አረንጓዴና እርጥብ መሆን አለበት። ከጫፉ ትንሽ ገልጠው አንዷን ፍሬ በጥፍር ይጫኑ። ንጹሕ ውሃ ከወጣ አልደረሰም፤ ነጭ ፈሳሽ ፊጭ ካለ ልኩ ነው፤ እንደ ሊጥ ከሆነ አልፎበታል፣ ለጥብስ ሳይሆን ለቅቅል ይሁን። ሻጩ ገላልጦ ያስቀመጠውን አይውሰዱ፤ ፍሬው ይደርቃል። እሸት ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ በየሰዓቱ ይቀንሳልና የማለዳውን መግዛት፣ ሽፋኑንም እሳቱ ዳር እስኪደርሱ አለመላጥ ነው።

ለ12 ራስ በቆሎ አንድ ኪሎ ከሰል ይበቃል። ድንጋይ በሦስት በኩል ክበው ነፋስ የሚመጣበትን ጎን ይዝጉት። ሣር ላይ ቀጥታ እሳት አይነደድም፤ ምድጃ ይያዙ፣ ካልሆነም ሣር የሌለበት አፈር ወይም ድንጋይ ይፈልጉ። ከሰሉ ተቀጣጥሎ ላዩ አመድ ለብሶ ነበልባሉ እስኪጠፋ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ችግር የሚመጣው ይህን ሳይጠብቁ ሲቀር ነው፤ ነበልባል ላይ የተጠበሰ በቆሎ በ3 ደቂቃ ላዩ ይከስልና ውስጡ ጥሬ ይሆናል።

ሽፋኑን ልጠው ጭራውን በሙሉ ያንሱ፤ የቀረ ጭራ ይነድና ይመራል። እግሩን ግን አይስበሩት፣ መያዣ ነው። ፍም ላይ አድርገው በየደቂቃው ሩብ ዙር ያዙሩት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ፍሬው መጀመሪያ ቢጫው ይደምቃል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ቡናማ ነጥብ ይይዛል። ጠስ ጠስ ማለት ሲጀምር ይወርዳል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይደርቅና ጥርስ ይፈትናል። ጨው በሎሚ ቁራጭ ነክረው ቢቀቡት ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

የበሶ ጭብጦ

ጦሳን በእግር ለሚወጣ ከሁሉም ቀላል ስንቅ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ኪስ ውስጥ ቢውል አይበላሽም። 3 ኩባያ በሶ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይነስንሱ። 3 የሾርባ ማንኪያ ማር በ1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ ያሹት፤ ውሃውን በአንዴ መገልበጥ አይገባም፣ በሶ እንደ አፈጫጩ የሚጠጣው መጠን ይለያያል። በመዳፍ ሲጨብጡት ተያይዞ ጣት ላይ ካልተጣበቀ ልክ ነው። በጣም ከረጠበ በሶ ይጨምሩ። ከተሰነጣጠቀ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያግባባዋል። እንቁላል በሚያህል መጠን 15 ገደማ ይወጣል። ብዙ ሳይጠጡ ከበሉት ይተናነቃል፤ ከአጠገቡ ውሃ አይጥፋ።

ለመጠጣት ከሆነ በሶውን ዱቄት እንደሆነ ይውሰዱት። ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ቀድሞ ይግባ፣ በአንድ ብርጭቆ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ ይከተል፣ ክዳኑን ገጥመው በኃይል ይነቅንቁት። በሶው ከቀደመ ታች ላይ ይጋገራል፤ ያንን ነቅንቆ ማላቀቅ ዘበት ነው።

ብርዝ

ብርዝ ሜዳ ላይ የሚያምረው ትኩሱ ነው። የቆየ ብርዝ መፍላት ይጀምራል፤ አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ያንን ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ማታ ውሃውን ብቻ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ ማሩን ጠዋት ይጨምሩ፣ በዚያው ቀን ይጨርሱት።

1 ኩባያ ማር ለ7 ኩባያ ውሃ ለፀሐይ ቀን ጥሩ ነው። ከዚህ ከወፈረ ጥም አይቆርጥም፣ ይጨምራል እንጂ። ማሩን በ1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ያሟሙ፤ የፈላ ውሃ መዓዛውን ይወስደዋል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ማሩን ከሥር ያስቀረዋል። ሰፈፉን በስስ ጨርቅ አጥልለው ቀሪውን 6 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ያዋሕዱ። ጠርሙሱን በረዶ ከያዘው ሃይላንድ ጎን ያድርጉት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ማንኛውም ነገር አይሰጥም፤ ብርዙም ጭብጦውም ማለት ነው። ዕቃ ውስጥ ቆይቶ አረፋ የሠራና ክዳኑ ሲከፈት ጭስ የሚል ድምፅ ያሰማ ብርዝ መፍላት ጀምሯል።

ዝንጅብል በሎሚ

አንድ መዳፍ ያህል፣ ወደ 100 ግራም ዝንጅብል አጥበው ከነልጡ ይፈግፍጉ። በ4 ኩባያ ውሃ 10 ደቂቃ አፍልተው ያጥልሉ፤ ትኩስ እያለ 1 ኩባያ ስኳር ያሟሙበት። ሲበርድ የ6 ሎሚ ጭማቂና 8 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ። ሎሚው ከእሳት ጋር አይገናኝ፣ ልጡም ውስጡ አይደር፤ ሁለቱም መራራ ያደርጉታል። ሸክም ለመቀነስ ወፍራሙን ብቻ በአንድ ጠርሙስ ይዘው ሜዳ ላይ በውሃ ማቅጠን ይቻላል።

የተልባ ውሃ

1 ኩባያ ተልባ በመጠነኛ እሳት እያማሰሉ ይቁሉ። መጀመሪያ ይንጣጣል፤ መንጣጣቱ ሲቀንስና ሽታው ሲመጣ ወዲያው ወደ ትሪ ይገልብጡት፤ ምጣዱ ላይ ከቆየ ማረሩን ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አይወቀጥም፤ ትኩሱ ዘይቱን ለቆ ይጋገራል። ደቃቁን ዱቄት በደረቅ ብልቃጥ ይያዙና ሜዳ ላይ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በማር ወይም በስኳር ይበጥብጡ። ቤት ከተበጠበጠ እስከ ምሳ ድረስ ወፍሮ ንፍጥ ንፍጥ ይላል።

ቡና ሜዳ ላይ

ቆልቶና ወቅጦ መሄድ ይሻላል፤ ነፋስ ላይ የሚቆላ ቡና ግማሹ ያርራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ውሃውንም ቤት አፍልተው በፔርሙዝ ይያዙት። ለ6 ስኒ ወደ 2 ኩባያ ውሃና 6 የሾርባ ማንኪያ ቡና ይበቃል። ጀበናዋን በትንሽ ሙቅ ውሃ አለቅልቀው ካሟሟቁ በኋላ ይሙሏት፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ፍም ላይ በድንገት ከተጣደ ሊሰነጠቅ ይችላል። አረፋው አንገቷ ላይ ብቅ ሲል ያውርዱ፣ ረገብ ሲል ይመልሱ፣ ሁለተኛ ብቅ ሲል ይበቃል። ማቶት ላይ ዘንበል አድርገው 5 ደቂቃ ያስቀምጧት። ሣር ላይ ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሯ ያድርጉ። የበቆሎው ፍም እስካለ ቡናው ለብቻ ከሰል አይፈልግም፣ ስለዚህ በቆሎው ይቅደም።

አገልግሉን ስለ መጠቅለል

ቆዳ የለበሰ አገልግል ያለው ሰው ሌላ ሳጥን አይግዛ። ግን ትኩስ ነገር ከተከደነበት ያልባል፣ ላቡ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። እንጀራው ከምጣድ ከወጣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይብረድ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሥር ይነጠፍ። ከላዩ አዚፋና ድንች በየዕቃቸው፣ ስንጉ ከሁሉም በላይ። ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አገልግል ውስጥ አይገባም፣ በሌላ ቦርሳ ይቁም። አንድ ትልቅ ትሪ፣ አንድ ቢላዋ፣ የእንቁላሉ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ሁለት ፎጣና ለቆሻሻ የሚሆን ፌስታል ሁልጊዜ የሚረሱት ናቸው፤ ማታውኑ በር አጠገብ ያስቀምጧቸው።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ከቤት ይያዙ፤ ለመጠጥም ለእጅም ነው። የቦርከናም ሆነ የሌላ ወንዝ ውሃ ለመጠጥ ይቅርና ቲማቲም ለማጠብም አይሁን። መስከረም መጀመሪያ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ ደሴ ዙሪያ ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ሰዓት አይሰጥም። ጠዋት 3 ሰዓት ወጥቶ 6 ሰዓት ላይ መብላት ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ከመቆየት ይሻላል። ሣሩ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ከምንጣፉ በታች ፕላስቲክ ይነጠፍ።

ሲመለሱ፦ ያልረጠበ ድርቆሽ፣ ጭብጦ፣ የተልባ ዱቄትና ያልተላጠ ድንች ካለ ይቀመጣል። ቀዝቅዞ የቆየ አዚፋ ፍሪጅ ገብቶ ለነገ ይሆናል፤ ሽንኩርቱ የገባበት ከሆነ ግን ማታውኑ ይበላ። ሱፉ፣ የተፈተፈተው ሁሉና ፀሐይ ላይ የዋለው እንቁላል ቤት አይመለስም። ከሰሉ ላይ ውሃ አፍስሰው አመዱን በእንጨት ያማስሉ፤ እጅ ሲያስጠጉ ሙቀት ካለው ደግመው ያፍሱበት።